ከ«ወላጅ አምጣ» የሚቀድም ወረቀት፦ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ወላጆች የክፍል ደብዳቤ እንዴት ይዘጋጃል?

ብዙ ወላጅ ከልጁ ትምህርት ቤት ወሬ የሚደርሰው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ ገንዘብ ሲፈለግ፣ ወይ ልጁ አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ሲባል። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከቦርሳ ሲወጣ ገና ሳይነበብ ፊት ይቋጠራል። ማታ ደግሞ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ልጁ «ምንም» ይላል። መዋሸቱ አይደለም፤ ስድስት ክፍለ ጊዜ የፈጀ ቀን በአንድ ጥያቄ አይመለስም።

ይህ መመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለሚያስተምሩ የክፍል ኃላፊ መምህራን ነው። የሚያዘጋጁት ነገር በየሁለት ሳምንቱ የሚወጣ የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ነው። መለኪያው አንድ ብቻ ነው፦ ደብዳቤውን ያነበበው ሰው ልጁን የሚጠይቀው ቁርጥ ያለ ጥያቄ አግኝቷል ወይ? ካላገኘ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ለበሩ ሰሌዳ ይበቃል።

አንባቢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ

የምዝገባ ቅጹ የአባት ስምና ስልክ ይዟል። ደብዳቤውን የሚያነበው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። አባት ጅቡቲ ሊሠራ ይችላል፤ እናት ከንጋት ጀምሮ ቀፊራ ገበያ ልትውል ትችላለች፤ ቤት ውስጥ ከልጁ ጋር የምትቀመጠው አያት ወይም 8ኛ ክፍል የደረሰች እህት ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ በመስከረም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሲያደርሱ ወይም የወላጅ ስብሰባ ሲደረግ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አራት ነገር ይጠይቁና በአንድ ደብተር ላይ በሠንጠረዥ ይያዙ፦ ደብዳቤው ለማን ይድረስ? በየትኛው ቋንቋ ቢሆን ይመቻል? ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ያለው ስልክ ቤት ውስጥ አለ? ለመደወል የሚመቸው ሰዓት ስንት ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ አጠያየቅ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ማንበብ ይችላሉ?» ተብሎ በሰው ፊት አይጠየቅም። «ደብዳቤው ለማን ይድረስ?» ከተባለ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሳይሳቀቅ «ለታላቅ እህቱ ስጧት» ብሎ ያልፋል፤ እርስዎም የሚፈልጉትን አወቁ።

ቋንቋው በድሬዳዋ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአማርኛ በሚያስተምር ክፍል ውስጥ እንኳ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማልኛ ወይም ሐረሪ በቤታቸው የሚነገር ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሠንጠረዡ ሲሞላ ለስንት ቤት ትርጉም እንደሚያስፈልግ ይታያል። ለሦስት ቤተሰብ ከሆነ የድምፅ መልእክት ይበቃል፤ ለግማሹ ክፍል ከሆነ ግን ወረቀቱ ራሱ ላይ ቢያንስ ጥያቄው በሁለት ቋንቋ መውጣት አለበት።

ቀኑንና ሰዓቱን መቁረጥ

ሐሙስ ይሁን። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰላት ነው፤ ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ይከተላሉ፣ ወረቀቱም ቦርሳ ውስጥ ተጨማድዶ ሰኞ ይመለሳል። ሐሙስ የወጣ ደብዳቤ ዓርብ ጠዋት መልስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

በስልክ የሚላከውን ደግሞ ከሰዓት በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ አይላኩ። በዚያ ሐሩር ከተማው የሚያርፈው አርፏል፣ ለበርጫ የተቀመጠው ተቀምጧል፣ መልእክቱም በሌላ መልእክት ይቀበራል። ምሽት 1 ሰዓት ገደማ፣ ቤተሰቡ አየር ለመቀበል ደጅ ወንበር ሲያወጣ፣ ልጁም አጠገብ አለ። በረመዳን ሰዓቱን ከማፍጠሪያው በኋላ ያድርጉት።

በየሳምንቱ ለመጻፍ ቃል መግባት አያስፈልግም። አምሳና ስልሳ ደብተር የሚያርም መምህር በሦስተኛው ሳምንት ይደክመዋል፤ ተጀምሮ የቀረ ደብዳቤ ደግሞ ካልተጀመረው ይከፋል። በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በአንድ መንፈቀ ዓመት ስምንት ያህል ይወጣል። የቀን መቁጠሪያውን ይዘው የሚወጡባቸውን ሐሙሶች አስቀድመው ምልክት ያድርጉ። ታኅሣሥ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ብዙ ቤተሰብ መንገድ ስለሚወጣና ከተማውም በእንግዳ ስለሚሞላ በዚያ ሳምንት የሚወጣ ደብዳቤ አንባቢ የለውም፤ አንድ ሳምንት ያስቀድሙት። ዒድ የሚውልበት ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን በዚያ ሰሞን አንድ ሐሙስ መጠባበቂያ ይተዉ።

የክፍሉን ወሬ በየቀኑ በአንድ መስመር መያዝ

አብዛኞቹ ደብዳቤዎች ደረቅ የሚሆኑት ረቡዕ ማታ የትምህርት ዕቅዱን ከፍቶ ርዕሶቹን በመገልበጥ ስለሚጻፉ ነው። ዕቅዱ ምን ሊደረግ እንደታሰበ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ጠረጴዛ ላይ አንድ ትንሽ ደብተር ያስቀምጡ፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ከማለቁ በፊት አንድ መስመር ይጻፉ። ርዕሱ አይደለም የሚጻፈው፤ ልጆቹ የጠየቁት፣ የሳቁበት፣ የተሳሳቱበት ወይም የተከራከሩበት ነገር ነው።

ለምሳሌ የ3ኛ ክፍል ሒሳብ ነው እንበል። መምህሩ «ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል፤ ሰባት ባጃጆች ስንት ሰው ይጭናሉ?» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ክፍሉ ሃያ አንድ አለ። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ሾፌሩስ ሰው አይደለም?» ሲል ክፍሉ ተደባለቀ። በደብተሩ ላይ የሚሰፍረው «ማባዛት ተማርን» ሳይሆን «ሾፌሩስ ሰው አይደለም?» የሚለው ነው። ከአሥር እንዲህ ያለ መስመር ሁለቱ ወይም ሦስቱ ለደብዳቤው ይበቃሉ።

ደብዳቤውን መጻፍ

ለአንድ ደብዳቤ ግማሽ ኤ4 በቂ ነው። አንዱ ገጽ ለሁለት ስለሚቆረጥ የፎቶ ኮፒው ወጪ በግማሽ ይቀንሳል፤ ርዕሰ መምህሩን ለማሳመንም ይኸ የመጀመሪያው ክርክር ነው። ሌላው ጥቅም ቦታው ጠባብ መሆኑ ራሱ ነው፤ ምክር ለመደርደር አያመችም።

የሚከተለው ናሙና ነው፦

«የ3ኛ ለ ክፍል ደብዳቤ፣ ኅዳር
ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፤
በሒሳብ የ7ን ማባዛት ጀምረናል። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይጭናል ብለን ሰባት ባጃጆች ስንት ሰው እንደሚጭኑ አሰላን። አንድ ተማሪ ‹ሾፌሩስ ሰው አይደለም?› ብሎ ስለጠየቀ እንደገና አሰላነው።
ዛሬ ማታ ይጠይቋቸው፦ ሾፌሮቹ ሲቆጠሩ ስንት ሰው ሆነ? እንዴት አወቃችሁ?
በአካባቢ ሳይንስ ስለ ውኃ እየተማርን ነው። ቤት ውስጥ ጀሪካን ሲሞላ ስንት ሊትር እንደሚይዝ አስቀድመው ይገምቱ፤ ከዚያ በአንድ ሊትር ላስቲክ እየለኩ ይቁጠሩ።
በአማርኛ ጮክ ብሎ ማንበብ ላይ ነን። ከመኝታ በፊት አምስት ደቂቃ ያንብቡልዎ። ማዳመጥዎ ብቻ ይበቃል፤ ማረም አያስፈልግም።
ለሚቀጥለው ማክሰኞ ማስመሪያ ይያዙ።
(ለወላጅ፦ የባጃጁ መልስ 28 ነው።)»

ይህን ናሙና እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ አሠራሩን ማየት ይጠቅማል። ጥያቄው በራሱ መስመር ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ሌላውን ሳያነብ የሚያልፍ ሰው እንኳ እሱን ያየዋል። «እንዴት አወቃችሁ?» የሚለው ጭራ የግድ ነው፤ እሱ ከሌለ ልጁ «28» ብሎ ወደ ጨዋታው ይሮጣል። መልሱ ከታች በቅንፍ የተቀመጠው መልሱን እርግጠኛ ያልሆነ ወላጅ መጠየቅን ስለሚፈራ ነው። ብዙ አባቶች የልጃቸውን ደብተር የማይከፍቱት ግድ ስለሌላቸው አይደለም፤ ልጃቸው ፊት እንዳያፍሩ ነው። «ማዳመጥዎ ብቻ ይበቃል» የሚለውም የተጻፈው ለዚያው ነው፤ ፊደል ያልቆጠረች አያት ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ ሥራ አላት።

ከባዱ ሥራ የመማሪያ መጽሐፉን ቋንቋ ወደ ቤት ቋንቋ ማምጣት ነው። ዕቅዱ ላይ «ተማሪዎች ክፍልፋዮችን ለይተው ያነጻጽራሉ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ለሱፐርቫይዘር ጥሩ ነው። ለቤት ሲሆን ግን «አንድ እንጀራ ለአራት ቢቆረጥና ሌላ እንጀራ ለስምንት ቢቆረጥ፣ የትኛው ቁራሽ ይበልጣል?» ይሆናል፤ ስምንት ከአራት ስለሚበልጥ ስምንተኛውን ቁራሽ የሚመርጥ ልጅ አይጠፋም፤ ማዕድ ላይ ሲያየው ግን ነገሩ ራሱ ያስረዳዋል። ስለ መለኪያ ሲማሩ ከቀፊራ የመጣውን ሽንኩርት በእጃቸው አንሥተው ኪሎውን ይገምቱ። ስለ ጊዜ ሲማሩ ከሳቢያን ሰፈር እስከ ከዚራ በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይያዙ። የቤቱ ሥራ ተጨማሪ ዕቃ የሚያስገዛ ከሆነ ይተዉት።

የከተማዋ ታሪክ ለዚህ የሚሆን ሀብት አለው። ድሬዳዋ የተመሠረተችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው፤ «ከቤተሰባችን ባቡር ላይ የሠራ ወይም የተጓዘ ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ቤት አያቶችን ያናግራል። ሁሉም ታሪክ ግን እኩል አይደለም። ከተማዋን ስለሚያቋርጠው ስለ ደቻቱ ወንዝና ስለ ጎርፍ ሲማሩ የ1998ቱን አደጋ ቤት ጠይቃችሁ ኑ ማለት ይቀናል፤ በዚያ ሌሊት ሰው የሞተበት ቤተሰብ ደግሞ ክፍልዎ ውስጥ ይኖራል። በዚህ ጊዜ ጥያቄውን ወደ ዛሬ ያዙሩት፦ «ደጋው ላይ ዝናብ ሲዘንብ ደቻቱን ለምን መሻገር የለብንም?» ማውራት የፈለገ ቤተሰብ ቀሪውን ራሱ ይጨምርበታል።

ስለ አጻጻፉ ሁለት ነገር ልጨምር። ድሬ ላይ በአፍ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን እንግባባለን፤ ወረቀት ላይ ግን «እርስዎ» ይሁን፤ ደብዳቤው ከሌላ አገር የመጣ አማት እጅም ሊገባ ይችላል። ስለ ልጆቹ ሲጽፉ ደግሞ በብዙ ቁጥር ይጻፉ፦ «ይጠይቋቸው»፣ «ያንብቡ»። እንዲህ ከሆነ «ልጁ/ልጅቷ» እያሉ በየመስመሩ ዘንግ ማስመር አያስፈልግም። ቀንና ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ተብሎ ይጻፍ፤ በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከሆነ ይህን መዝለል ወላጅን በከንቱ ያመላልሳል።

ደብዳቤው ውስጥ የማይገቡ ነገሮች

ገንዘብ አይገባም። አንዴ «በተጨማሪም ለጽዳት» የሚል መስመር ከገባ ወላጁ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የሚያነበው ከታች ወደ ላይ፣ ብር ፍለጋ ነው። መዋጮ ካለ በጽሕፈት ቤቱ በኩል ለብቻው ይውጣ።

የልጅ ስም፣ ውጤትና ደረጃም አይገቡም፤ ለምስጋናም ቢሆን። ከአምሳ ልጅ ሦስቱን በስም ያመሰገነ ደብዳቤ ለአርባ ሰባት ቤት የወቀሳ ደብዳቤ ነው። «አንድ ተማሪ ጠየቀ» ይበቃል፤ የጠየቀው ልጅ ቤቱ ሄዶ «እኔ ነኝ» ብሎ ማውራቱ አይቀርም። የአንድ ልጅ ጉዳይ፣ ሕመምም ሆነ ጠባይ፣ ቦታው የመገናኛ ደብተሩ ወይም ስልክ ነው። ክፍሉ ውስጥ እከክ ወይም የዓይን ሕመም ከታየ ለሁሉም በአንድነት ስለ መታጠብና ስለ ፎጣ መጻፍ ይቻላል፤ ማን እንደታመመ የሚያስገምት ቃል ግን ይውጣ።

ፎቶ የሚላክ ከሆነ ፊት ሳይሆን እጅ፣ ደብተር፣ የሸክላ ሥራ፣ የሰሌዳ ጽሑፍ ይነሣ። ልጃቸው ምስሉ እንዲወጣ የማይፈልጉ ቤተሰቦች አሉ፤ ምክንያታቸውንም መጠየቅ አያስፈልግም።

ለሁለተኛው ቋንቋና ለስልኩ

ጽሑፉ ሲያልቅ አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ ለሚያስተምሩ ባልደረቦች ያሳዩና የጥያቄዋን መስመር ብቻ እንዲተረጉሙ ይለምኗቸው። ሙሉውን መለመን ቢፈለግም ባልደረባ ይሰለቻል፤ አንድ መስመር ግን በሻይ ሰዓት ያልቃል። ያችን መስመር ከአማርኛው ሥር ይጨምሯት። ትርጉሙን ለተማሪ አይስጡ፤ በተለይ ለወላጆች የተጻፈ ነገር ልጆች የሚተረጉሙት ለራሳቸው በሚመች መንገድ ነው።

ለስልክ ከቡድን ይልቅ የቴሌግራም ቻናል ይሻላል። አከፋፈቱ ይህን ይመስላል፦ «አዲስ ቻናል» የሚለውን ይምረጡ፤ የክፍሉን ስም ይስጡት፤ የግል ያድርጉት፤ መግቢያ ሊንኩን ለወላጆች ብቻ ይላኩ፤ አስተያየት መስጫውን ዝግ ያድርጉ። በቻናል ውስጥ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ አባላቱም የሌላውን ስልክ ቁጥር አያዩም። በዋትስአፕ ቡድን ውስጥ ግን ቁጥሩ ለሁሉም ይታያል። ዋትስአፕ ብቻ ያላቸው ብዙ ከሆኑ የቡድኑን ቅንብር ከፍተው መልእክት መላክን ለአስተዳዳሪ ብቻ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ደብዳቤዎ በሰዓታት ውስጥ በጁምዓ ሰላምታ፣ በበዓል ምኞትና በሚሸጥ ሶፋ ፎቶ ሥር ይጠፋል። ከጽሑፉ ጋር ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ የድምፅ ንባብ ይጨምሩ። ማንበብ ለማይችሉት ብቻ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሠራ ሰው ያነባል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው፣ ይሰማል ግን።

ስልክ አለ ተብሎ ወረቀቱ አይቅር። ብዙ ቤት ስልኩ ከአባት ጋር ይውላል፤ ወረቀቱ ግን ልጁ ያለበት ቤት ይደርሳል።

ማደልና መልሱን መቀበል

ከማባዛቱ በፊት ረቂቁን ርዕሰ መምህሩ ወይም ምክትሉ ይዩት። ጉዳዩ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ ሐሙስ የላኩት ቀን ዓርብ ስብሰባ መጠራቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አሥር ደቂቃ ይተዉ። ደብዳቤውን ያድሉ፤ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ከዚያ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ወላጅ፣ ሌላው ልጅ ሆኖ ጥያቄውን ይጠያየቁ። ይህ ልምምድ ከቀረ ብዙ ወረቀት መንገድ ላይ የወረቀት አውሮፕላን ይሆናል። ልጁ መልሱን የሚያውቀው ጥያቄ የያዘ ወረቀት ግን አይጠፋም፤ ራሱ «ጠይቁኝ» ብሎ ይሰጣል። የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጆች ከሆኑ የመገናኛ ደብተሩ ላይ ይለጠፍላቸው። የቀሩትን ልጆች ስም ጽፈው ወረቀታቸውን ያስቀምጡ።

ከደብዳቤው ግርጌ ተቀዶ የሚመለስ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ትኑር፦ የልጁ ስም፣ «ልጃችን ምን ብሎ መለሰ?» የሚል መስመር፣ ፊርማ። ፊርማ ብቻ ከተጠየቀ ልጆች የአባታቸውን ፊርማ ከአባታቸው አሳምረው ይፈርማሉ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጨመር ማስመሰሉ ያስቸግራቸዋል። መጻፍ የማይመቸው ቤተሰብ መልሱን በቃል ለልጁ ነግሮ ልጁ ይጻፈው፤ ያም የጽሕፈት ልምምድ ነው። ቁራጩን ያላመጣ ልጅ በክፍል ፊት አይጠየቅ፤ እንዲያ ከሆነ ደብዳቤው ራሱ ሁለተኛ «ወላጅ አምጣ» ይሆናል።

የተመለሱትን ዓርብ ከሰዓት ለሦስት ይክፈሏቸው፦ መልስ የሚፈልጉ፣ ለሚቀጥለው ደብዳቤ የሚሆኑና የሚቀመጡ። ብዙ ቤት የጠየቀውን አንድ ጥያቄ በሚቀጥለው ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይመልሱ፤ «የቤት ሥራ ስንሠራላቸው ያስቆጣል ወይ? ብላችሁ ጠይቃችኋል» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ እንደሚነበብ አይጠራጠሩ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ምንም ያልመለሰ ቤተሰብ ካለ፣ ሠንጠረዡ ላይ በተጻፈው ሰዓት ይደውሉ፤ በልጁ ላይ ያዩትን አንድ መልካም ነገር አስቀድመው ይናገሩና ወረቀቱ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቁ። በድንገት ከትምህርት ቤት የተደወለለት ወላጅ መጀመሪያ የሚለው «ምን አጠፋ?» ነው።

በጥርና በሰኔ፣ ከፈተና በፊት የሚወጣው ደብዳቤ መልኩ ትንሽ ይለያል። የፈተናው መርሐ ግብርና ከየትኛው ምዕራፍ እስከየትኛው እንደሚሸፈን ይቅደም፤ ተከታታይ ምዘናው ከመቶ ስንቱን እንደያዘ በአንድ መስመር ይገለጽ፤ ሰርተፊኬት ሲታደል ከሚነሣው ጭቅጭቅ ግማሹን ይቀንሳል። ጥያቄው ግን አይቅር። ለ6ኛ ክፍል ተፈታኞችም ቢሆን «ከሁሉም የቸገረህ የትኛው ምዕራፍ ነው?» የሚል ጥያቄ «በርታ» ከሚለው ምክር ይልቅ ለወላጁ ወሬ ይሰጠዋል።

የወጣውን ደብዳቤ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ በፋይል ያስቀምጡ፤ ከጎኑም የትኛው ጥያቄ ብዙ መልስ እንዳመጣና የትኛው እንደከሸፈ በእርሳስ ይጻፉ። ሰኔ ላይ ፋይሉን ክፍሉን ለሚረከበው መምህር ያስረክቡ። የቤተሰቦቹን ሠንጠረዥ ግን ለርዕሰ መምህሩ ይስጡ እንጂ ከፋይሉ ጋር በሰው እጅ አይዙር፤ ስልክ ቁጥርና የቤት ጉዳይ አለበት።